ስለ መጽሐፍ ሽፋንና ስለ ዕቃ ማሸጊያ ሥዕል



በአራዳና በፒያሳ መንገድ የተመላለሰ ሰው ሁሉ መጽሐፍ አዟሪን ያውቃል። አዟሪው ሃያ ወይም ሠላሳ መጽሐፍ ደራርቦ በክንዱ ይታቀፋል፤ የክምሩ ጫፍ አገጩን እስኪነካ ድረስ ተሸክሞም ከቡና ቤት ወደ ቡና ቤት፣ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ደጅ ወደ ሌላው ይዞራል። ገዥው ቡናውን እየጠጣ ቀና ብሎ ክምሩን የሚመለከተው ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የደራሲው ድካም፣ የአራሚው ትጋትና የአሳታሚው ገንዘብ ሁሉ በሁለት ነገር ላይ ይንጠለጠላል፤ ይኸውም ከላይ በተቀመጠው መጽሐፍ ሽፋንና ከሥሩ በተደረደሩት መጻሕፍት ቀጭን ጎን ላይ ነው። ዐይን ካልተያዘ እጅ አይዘረጋም፤ እጅ ካልተዘረጋም መጽሐፉ አይገለጥም።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ሽፋን የሚነድፈው የሥዕል ተማሪ ሙያውን እንዴት እንደሚማርና ሥራውንም እንዴት እንደሚያከናውን እንገልጻለን። ከመጽሐፍ ሽፋን ጋር የቡና ከረጢትን፣ በመጠጥ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀትና የካርቶን ሣጥንን አብረን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሙያው አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሠራው እጅ አንድ ነው። ደግሞም ጉዳዩ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠውን አንባቢ በቀጥታ ይነካዋል። የዓመት ሪፖርት፣ የጤና መምሪያ፣ የትምህርት መጽሐፍ ወይም የበዓል መጽሔት እንዲታተም የሚያዝዘው፣ ንድፉ ሲቀርብለትም «ይሁን» ወይም «አይሁን» ብሎ የሚፈርመው እርሱ ነውና።

ይህ ትምህርት በአገራችን በዘመናዊ መልክ የተተከለው አቶ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። አቶ አለ ከቤተ ክህነት ሠዓልያን ቤተ ሰብ የተወለዱ፣ ኋላም በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ከጊዜ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ዛሬ በመሥራቹ ስም ይጠራል። በዚሁ ቤት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሐንዘን ባሂያ የተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ በእንጨት ላይ ተቀርጾ የሚታተመውን ሥዕል አስተምሯል፤ ሠዓሊም ባለቅኔም የነበረው ገብረ ክርስቶስ ደስታም በዚያው ዘመን ከመምህራኑ አንዱ ነበር። የእንጨት ሕትመት ለሽፋን ሥራ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ይህ ነው፤ ሠዓሊው እንጨቱን በቢላዋ ሲፍቅ የፋቀው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ የተወው ጥቁር ሆኖ ይታተማል፤ ከዚህ በቀር ምንም የለውም። እንግዲህ ተማሪው ከሥዕሉ ውስጥ የማያስፈልገውን መጣል በግድ ይማራል። በአዟሪው ክንድ ላይ ከሩቅ የሚታየውም ብዙ ነገር ያልተጨናነቀበት ሽፋን ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ትምህርት ቤት በፊት አገራችን የሽፋን ጥበብ አልነበራትም ማለት አይደለም። የብራና መጽሐፍ ሽፋኑ የእንጨት ገበታ ነው፤ በገበታው ላይ ቆዳ ይለበጥና ደጓሹ በጋለ ብረት ሐረግና መስመር ያትምበታል፤ በመካከሉም መስቀል ያደርግበታል። ከዚያም ማኅደር ተሰፍቶለት ከግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ይህን ሥራ ቀረብ ብሎ የመረመረ ተማሪ አንድ ነገር ያስተውላል፤ በውጭው ላይ የመጽሐፉ ስም አልተጻፈም። ዳዊትም ይሁን ገድል፣ ድርሳንም ይሁን ተአምር፣ ባለቤቱ ያውቀዋልና ለማንም ማስተዋወቅ አላስፈለገውም። ስምን በሽፋን ላይ አጉልቶ መጻፍ የመጣው መጽሐፍ ለማያውቀው ሰው መሸጥ በጀመረ ጊዜ ነው።

የዕቃ ማሸጊያም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። እናቶቻችን ቅቤን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ ማርን በቅል ሞልተው፣ የመንገድ ስንቅን በቆዳ በተለበጠ አገልግል ቋጥረው ኖረዋል። አገልግል ባለሙያ ያሰበበት ዕቃ ነው፤ ክዳኑ ይገጥማል፣ ጠፍሩ ለመሸከም ይመቻል፣ በበቅሎ ጀርባ ላይ ሲናወጥም ወጡ አይፈስስም። ነገር ግን ገዥው በገበያ ቅቤውን አሽትቶ፣ ማሩን ቀምሶ ይገዛ ስለ ነበር በቅጠሉ ላይ ሥዕል አላስፈለገም። ዕቃው በፋብሪካ ታሽጎ ከመጣ ወዲህ ግን ማሽተትም መቅመስም ቀረ፤ በውስጥ ስላለው ነገር የሚመሰክረው በውጭ ያለው ሥዕልና ጽሑፍ ብቻ ሆነ።

በፊደላችን ታትሞ የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮማ የታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቁሞ ብዙ መጻሕፍት አውጥቷል። ከቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻሕፍት የብዙዎቹ ሽፋን ቀለል ያለ ወረቀት ሆኖ፣ የመጽሐፉን ስም፣ የደራሲውን ስም ከነማዕርጉ፣ የማተሚያ ቤቱን ስምና ዘመኑን በመስመር ክፈፍ ውስጥ ይዞ ይገኛል። እኔ በበኩሌ እነዚህን ሽፋኖች አልንቃቸውም። ዛሬ በኮምፒዩተር አምስት ዐይነት ፊደልና ሦስት ፎቶግራፍ ከተደራረበበት ሽፋን ይልቅ የእነርሱ ጭምትነት ለዐይን ዕረፍት ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ስለ ሽፋን ንድፍ በውጭ አገር የተጻፉ መጻሕፍት ለተማሪያችን ብዙ ይጠቅሙታል፤ ፊደል ላይ ሲደርሱ ግን መንገድ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። በላቲን የሚጽፍ ሰው ትልቁንና ትንሹን ፊደል እየለዋወጠ ርእሱን ያደምቃል፤ እኛ ትልቅና ትንሽ የሚባል ፊደል የለንም። በአንጻሩ የፊደሎቻችን ወርድ እጅግ የተለያየ ነው። «ነ»ና «ተ» በአንድ እግር ይቆማሉ፤ «ሐ»ና «ጠ» ሦስት እግር አላቸው፤ «ላ»ን የመሰለው ራብዕ አንዱን እግሩን ዘርግቶ ይቆማል፤ «ሽ»ና «ኝ» ደግሞ በራሳቸው ላይ ሰረዝ ስለሚሸከሙ ከጓደኞቻቸው በላይ ብቅ ይላሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ርእስ ውስጥ ሲሰለፉ በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በማስመሪያ እኩል ቢያደርጉት ለዐይን እኩል ሆኖ አይታይም። በዐይን መመጠን ያስፈልጋል፤ ይህም የሚለመደው በእጅ በመጻፍ ነው።

ስለዚህ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የቁም ጽሕፈት ትምህርት ከሥዕል ትምህርት ጎን መሰጠቱ ተገቢ ነበር፤ በዚህ ረገድ የአቶ ይግዙ ብሥራት ስም የሚነሣ ነው። ከዚያው ቤት የወጣው ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደላችንን የሥዕሉ ዋና አካል አድርጎ በውጭው ዓለም ታውቋል። በመቃ ብዕር የሚጽፍ ሰው ወደ ታች የሚወርደው መስመር ወፍራም፣ ወደ ጎን የሚሄደው ቀጭን የሚሆንበትን ምክንያት ከብዕሩ አፍ ይረዳል፤ በኮምፒዩተር ብቻ የሠራ ሰው ግን ወፍራሙንና ቀጭኑን እንደ ጌጥ ይቆጥረዋል። በርግጥ ኮምፒዩተሩን መውቀስ አይገባም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል፤ ከ2007 ወዲህም «ኒያላ» የተባለው የፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ጋር እየታደለ በየመሥሪያ ቤቱ ደርሷል። ሆኖም ኒያላ የተሠራው ለንባብ ነው፤ ደብዳቤ ሲጽፉበት መልካም ነው፤ የልብ ወለድ ርእስ አድርገው ከሩቅ ቢተክሉት ግን የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይመስላል። ለሽፋን የሚስማሙ የአማርኛ የፊደል ቅርጾች ከላቲኑ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት በመሆናቸው ትጉህ ተማሪ ርእሱን በእጁ ይጽፋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የወጣ፣ ሁላችንም የምናውቀው መጽሐፍ ነው። ለዚህ መጽሐፍ አዲስ ሽፋን ንደፍ የተባለ ተማሪ አስቀድሞ ፊደሎቹን ይቈጥራል፤ ሦስት፣ ሦስትና አራት፣ በጠቅላላው ዐሥር ናቸው። ሦስቱን ቃላት እላይና ታች ቢደረድራቸው ወርዳቸው የተቀራረበ አንድ ክምር ይሆናሉ። ከዚያ ግን ጥያቄ ይመጣል፤ «እስከ» ከሁለቱ ቃላት ጋር እኩል መጉላት አለበትን? ቢያሳንሰው ፍቅርና መቃብር ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ እኩል ቢያደርገው በመካከላቸው ያለው ርቀት ይታያል። ይህ የፊደል መጠን ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የመጽሐፉን ሐሳብ የመተርጎም ጥያቄ ነው። መልሱም ለሚነድፈው ሁሉ አንድ አይሆንም።

ከዚህ የተነሣ የሽፋን ተማሪ የመጀመሪያ ሥራው ማንበብ ነው። ይህን ስንል አንዳንዱ ይስቃል፤ ነገር ግን መጽሐፉን ሳያነብ የሚነድፈው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በሮማ የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ልብ ወለድ ታሪክ፣ ማለት «ጦቢያ»ን እንመልከት። ያላነበበው ተማሪ ጦቢያ የሴት ስም መሆኑን ሰምቶ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች ቆንጆ ይሥላል። ያነበበው ግን ልጅቱ በወንድ ልብስ ራሷን ሰውራ ከአባቷ ጋር እንደ ተንከራተተች ስለሚያውቅ፣ በየትኛው መልክ ላሳያት ብሎ ይጨነቃል። ጭንቀቱ መልካም ነው፤ ከእርሱም ነው እውነተኛው ንድፍ የሚወለደው። በዚህ ጊዜ ተማሪው የክብሪት ቤት በሚያካክሉ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ውስጥ ዐሥርና ሃያ ረቂቅ ይሞክራል። በክብሪት ቤት ልክ ተሥሎ ያልታየ ሐሳብ በአዟሪው ክንድም ላይ አይታይምና፤ ዛሬ ደግሞ ብዙ ሰው መጽሐፉን በመጀመሪያ የሚያየው በስልኩ መስኮት ላይ ስለ ሆነ ይህ ፈተና ይልቁን ጠንክሯል።

ከረቂቁ በኋላ ልኬት ይመጣል። ባለ 320 ገጽ መጽሐፍ 160 ቅጠል አለው፤ የአንዱ ቅጠል ውፍረት የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ቢሆን፣ መጽሐፉ በተጠረዘበት በኩል ያለው ጎን 16 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስሙ የሚጻፈው በዚህች ስፍራ ነው። በመካከሉ ማተሚያ ቤቱ ቀጭን ወረቀት ቢተካ የጎኑ ጽሑፍ ወደ ፊት ሽፋን ይንሸራተታል፤ የወረቀቱ ለውጥ ለነዳፊው ሳይነገረው የቀረበት መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ወዲያው ይታወቃል። በጎን ላይ ስንጽፍም አንድ ነገር ያስቸግራል፤ አንዱ አሳታሚ ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች፣ ሌላው ከታች ወደ ላይ ስለሚያጋድመው በመደርደሪያ ፊት የቆመ አንባቢ አንገቱን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሲያዘምም ይውላል። ፊደላችን እያንዳንዱ ሙሉ ድምፅ ስለ ሆነ ሳይጋደም አንዱ ከአንዱ በታች ቆሞ ሊነበብ ይችላል፤ አጭር ርእስ ሲሆን ይህን ዘዴ ብዙዎች ባይጠቀሙበት ይገርመኛል።

የፊደላችን አንዱ ፊደል አንድ ሙሉ ድምፅ መሆኑ በማሸጊያ ሥራ ምን ያህል እንደሚረዳ ለማየት ከፒያሳ መራቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1953 በዚያ ሰፈር የተከፈተው ቡና ቆዪ ቤት ስሙ «ቶሪፋሲዮኔ ሞደርና ካፌ» ከሚሉት የጣልያንኛ ቃላት መጀመሪያ የተውጣጣ ነው። በላቲን ሲጻፍ ስድስት ፊደል ያስፈልገዋል፤ በእኛ ሲጻፍ ግን «ቶሞካ»፣ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ስድስት ፊደል በከረጢት ላይ በሚይዘው ቦታ ሦስቱ እጥፍ ጎልተው ሊጻፉ ይችላሉ። ለትንሽ ማሸጊያ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጊዮርጊስ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ደግሞ ሌላውን የምስል ትምህርት ከቢራ ጠርሙስ ላይ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተው የቢራ ፋብሪካ የሰማዕቱን ስም ይዞ በጠርሙሱ ወረቀት ላይ በፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየውን ሥዕል አኖረ። ይህን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሲያይ ያደገ ሰው ማንበብ ባይችልም እንኳ የሚፈልገውን ጠርሙስ ለይቶ ያሳያል። ለመጠጥ የሰማዕት ሥዕል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር ለሌሎች እንተወውና፣ ነዳፊው ሕዝቡ አስቀድሞ በልቡ የያዘውን ምስል ማንሣቱ ግን ሙያውን ያስመሰክራል።

የማሸጊያ ሥራ ከሽፋን ይልቅ ከባድ የሚሆነው ዕቃው ሕያው ስለ ሆነ ነው። የተቆላ ቡና ከታሸገ በኋላም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ያወጣል፤ የውጭው አየር፣ ብርሃንና እርጥበት ከገቡበት ደግሞ መዓዛው ይጠፋል። ስለዚህ በከረጢቱ ላይ አየር የሚያስወጣ እንጂ የማያስገባ ትንሽ ክብ ቫልቭ ይገጠማል። ይህን ያልጠየቀ ተማሪ ቡና የምታፈላ ወይዘሮ በጥሩ ሁኔታ ሥሎ ሲያበቃ ቫልቩ ልክ በግንባሯ ላይ ይውላል። ሣጥንም ሲሆን የሚታጠፈውንና በማጣበቂያ የሚያዘውን ክፍል ለይቶ፣ ወረቀቱን ቆርጦና አጥፎ በእጁ ሳይሞክር ሥዕል መጀመር የለበትም።

በጽሑፉም በኩል የዕቃው ስም፣ አምራቹ፣ ክብደቱ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ጊዜ ሁሉ መግባት አለባቸው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ነዳፊ ሌላው የማያውቀው ችግር አለበት፤ የዘመን አቈጣጠራችን ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለይ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይባል ባዶ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት የመድኀኒት ወይም የወተት ማሸጊያ ሰውን ሊያሳስት ይችላል። ሁለት ፊደል የምታክል ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ የሚቀር ነገር አይደለም።

በማሸጊያ ላይ የሚጻፍ ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አገራችን በዓለም አደባባይ ተከራክራበታለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች፤ ስታርባክስ ከሚባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋር ከተደረገ ብርቱ ክርክር በኋላ በ2007 ስምምነት ተደረሰ። በከረጢት ፊት የሚታየው ያ ስም ቡናውን ከደጁ ለሚለቅመው ገበሬ ገንዘብ መሆኑን የሥዕል ተማሪው ሊያውቀው ይገባል፤ ስሙን ከጌጡ በታች አሳንሶ ሲጽፍ የሚያሳንሰው ምን እንደ ሆነ እንዲያስብበት ነው።

ፒያሳ ራሱ ለብዙ ዘመን የዚህ ሙያ ያልተጻፈ መማሪያ ነበር። የአራዳ ገበያ በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ከተዛወረ በኋላም ወርቅ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ፎቶ ቤቱና ልብስ ሰፊው በየደጃቸው በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ ሰቅለው ኖረዋል። የሰሌዳ ጸሐፊዎቹ በጠባብ ቦታ ረጅም ስም ማስገባትን፣ ፊደልን ከጥላው ጋር ማቆምን ያውቁ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከሰፈሩ ብዙውን አፍርሶ በአዲስ መልክ ሲሠራው ከቤቶቹ ጋር አያሌ ሰሌዳዎች ወርደዋል። ፎቶግራፍ አንሥተው ወይም በደብተራቸው ገልብጠው ያስቀሩ ተማሪዎች ካሉ ለራሳቸውም ለተከታዮቻቸውም ጥሩ አድርገዋል፤ በኮምፒዩተር ያልገባ ብዙ የፊደል ቅርጽ በዚያ ነበርና።

ይህን ሁሉ ተምሮ የወጣው ወጣት አንድ ቀን ረቂቁን በካርቶን አቃፊ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ይመጣል። እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ በግልጽ ብንነጋገር አይከፋዎትም ብዬ እገምታለሁ። ሽፋን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በነዳፊው እጅ ሳይሆን በኮሚቴ ነው። አንዱ ኀላፊ አርማው ይጉላ ይላል፤ ሁለተኛው የሕንፃው ፎቶግራፍ ይግባ ይላል፤ ሦስተኛው የሁሉም ኀላፊዎች ምስል በተርታ ካልታየ ቅር የሚላቸው አሉ ይላል፤ አራተኛው ቀለሙን ይለውጣል። ወጣቱ እንጀራ ፈላጊ ነውና ሁሉንም «እሺ» ብሎ ይመለሳል። በመጨረሻ የሚወጣው የአራቱም ያልሆነ ነገር ነው። መጽሔቱ ማንን እንዲያነጋግር እንደ ተፈለገ በአንድ ገጽ ጽፎ ከመነሻው መስጠትና የሚወስነውንም ሰው አንድ ማድረግ ምንም ወጪ የለበትም። በጨረታ ዝቅተኛውን ዋጋ መምረጥ ለወረቀትና ለቀለም ይሠራ ይሆናል፤ ለንድፍ ግን የሚገዛው ዕቃ ገና አልተሠራምና በዋጋው ብቻ መመዘን አይቻልም። ተወዳድረው ለተሸነፉት ረቂቆች ጥቂት ክፍያ ማሰብም ድካምን ማክበር ነው፤ ተማሪ ለወረቀቱ፣ ለቀለሙና ለታክሲው ከኪሱ አውጥቷል።

ከገንዘቡ ይልቅ ተደጋግሞ የሚረሳው ግን ስሙ ነው። የደራሲውን፣ የአራሚውን፣ የማተሚያ ቤቱን፣ አንዳንዴም የጸሐፊዋን ስም የሚያመሰግን መጽሐፍ የሽፋኑን ሠዓሊ ሳያነሣ ያልፋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልንም የአእምሮ ሥራ አድርጎ ይጠብቃል፤ የገንዘብ ጥቅሙ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሠሪው «ይህ ሥራ የእኔ ነው» ብሎ የመታወቅ መብቱ እንደ ተጠበቀ ነው። ለጀማሪ ወጣት ደግሞ ይህ የክብር ነገር ብቻ አይደለም። ነገ ሌላ አሳታሚ ሽፋኑን ወድዶ ሠሪውን ሲፈልግ የሚያገኘው በዚያች አንዲት መስመር ነው።

ንድፉ ከተፈረመበት በኋላ የሙከራ እትም ይወጣል። በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ያበራ የነበረው ቀለም በወረቀት ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ መስኮቱ ቀለምን የሚሠራው ከብርሃን ሲሆን ማተሚያው ግን ከሰማያዊ፣ ከማጀንታ፣ ከቢጫና ከጥቁር ቀለም ነውና። ተማሪው የሙከራውን እትም ወደ መስኮት ብርሃን ወስዶ ይመለከተዋል፤ ከሚቆረጠው ጠርዝ ውጭ ቀለሙ ሦስት ሚሊ ሜትር መትረፉን፣ በደራሲው ስም ላይ ሠ በሰ አለመለወጡን፣ የጎኑ ጽሑፍም በመካከል መዋሉን ይመረምራል። ከዚያም የውስጡን ገጽ ገልጦ «የሽፋን ሥዕል» የሚለው መስመር መኖሩን ያያል። ከሌለ በዚያው ሰዓት ማስገባት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሦስት ሺሕ ቅጂ ታትሞ ከተጠረዘ በኋላ ግን የሚቀጥለውን እትም መጠበቅ ይሆናል።